ለዘ ሄግ የሚሆን የሚስት መጠሪያ

«ሃኒ» የሚለው ቃል በሆላንድ ምድር አገልግሎቱን የጨረሰው በፈረንጆች ሰማንያ ስድስት፣ የካቲት አጋማሽ ላይ ነው። የገደሉት ባዩና ብርነሽ ናቸው እየተባለ ይወራል። ይኼ ለሁለቱም በደል ነው፤ እነሱ አሥራ አንደኞቹ ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏን ተከትላ የመጣች ሚስት የመኖሪያ ፈቃድ ከማግኘቷ በፊት፣ ዘ ሄግ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ባልና ሚስቱን በየክፍላቸው ለየብቻ አስቀምጦ ይጠይቃቸዋል። የመጋረጃችሁ ቀለም ምንድን ነው? አልጋው ላይ በግድግዳው በኩል የሚተኛው ማነው? ከእራት በኋላ ሳህን የሚያጥበውስ? መልሶቹ ከተለያዩ ጋብቻው የወረቀት ነው ይባልና ሴትዮዋ ወደመጣችበት ትመለሳለች። ከሃያ ሁለቱ ጥያቄዎች ሁሉ ሰው የሚፈራው አሥራ አራተኛውን ነበር። «ባለቤትዎን ቤት ውስጥ ምን ብለው ይጠሯታል?»

ለዚህ ጥያቄ መድኃኒት ያገኙለት ጋሽ ተኽላይ ናቸው። ጋሽ ተኽላይ የምጽዋ ሰው ናቸው። አማርኛውን በልጅነታቸው አዲስ አበባ አጎታቸው ሱቅ ውስጥ ለምደው፣ ኋላ መርከበኛ ሆነው ዓለምን ሁለት ጊዜ ዞረው፣ በፈረንጆች ሰባ አራት ሮተርዳም ወደብ ላይ ጉልበታቸው ተሰብሮ እዚያው ቀሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው ምክር ነው።

«ፈረንጅ ሚስቱን ማር ነው የሚላት» አሏቸው ለመጀመሪያዎቹ ባልና ሚስት። «እሱም ሃኒ፣ እሷም ሃኒ። አጭር ናት፣ አትረሳም፣ ማንንም አታስቀይምም።»

የመጀመሪያዎቹ አለፉ። ሁለተኞቹም አለፉ። ከዚያ ወዲያማ ከሰሜን ጫፍ ከግሮኒንገን ሳይቀር ወደ ሮተርዳም ይደወል ጀመር። አሥረኞቹ ላይ ጠያቂው ሰውዬ ፈገግ ማለቱ ተሰምቶ ነበር፤ ማንም ልብ አላለውም። ባዩ ተራው ደርሶ አሥራ አራተኛው ጥያቄ ሲመጣ ግን ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀመጠና፣ ባዩ ገና አፉን ሳይከፍት፣ ራሱ «ሃኒ» አለው።

«ምን ልበለው?» አለ ባዩ በሳምንቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ከብቦት። «አዎ አልኩት። ‹የአገራችሁ ሰው እንዲህ ጣፋጭ መሆኑን አላውቅም ነበር› አለኝና ፋይሉን አጠፈው።»

ፋይሉ «ለተጨማሪ ማጣራት» ተብሎ መሳቢያ ገባ። ከሰሙት ሁሉ ወሽመጡ የተቆረጠው ማንደፍሮ ነበር። የሱና የሚስቱ ቀጠሮ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ማንደፍሮ ደብረ ታቦር ፖስታ ቤት ጸሐፊ የነበረ፣ አሁን አምስተርዳም አንድ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ አንሶላ የሚያጥብ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው ነው። ሚስቱ የትነበርሽ ናት። ከተጋቡ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሦስቱን አብረው ኖሩ፣ አምስቱን እሱ እዚህ እሷ እዚያ፣ መጨረሻ ካርቱም ልብስ ስትሰፋ፣ ተለያይተው ከረሙ። ከመጣች ገና አራት ወሯ ነው። ዘ ሄግ «አይሆንም» ካለ መመለሻዋ ካርቱም ነው። ማንደፍሮ አምስት ዓመት ጠብቆ ያመጣትን ሴት በአንድ ቃል ምክንያት አይሮፕላን ጣቢያ መልሶ ሲሸኛት እየታየው እህል አልበላ ብሎት ሰነበተ።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ደግሞ ለአሥራ አራተኛው ጥያቄ እውነተኛ መልስ የሌለው መሆኑ ነው። ሚስቱን ምንም ብሎ አይጠራትም። በሱ አገር የሚስቱን ስም ሰው ፊት የሚጠራ ወንድ መሳቂያ ነበር። አባቱ እናቱን አርባ ዓመት ሙሉ በስሟ ጠርተዋት አያውቁም፤ ለጎረቤት ሲያወሩ «ቤት» ነበር የሚሏት። «ቤት አሟታል» ይላሉ፤ «ቤት ገበያ ሄዳለች» ይላሉ፤ ቤት ወደ ገበያ መሄዷ የሚገርመው ሰው በሰፈሩ አልነበረም። ማንደፍሮም ለመንግሥት ሰው «ባለቤቴ»፣ ለጓደኛ «እሷ» ይላል። ለራሷ፣ ግድ ሲሆን፣ «አንቺ» ይላል። ግድ የሚሆነውም ከስንት አንዴ ነው።

ጋሽ ተኽላይ ይህን የሰሙት በስልክ ነው።

«ምንም?»

«ምንም፣ ጋሽ ተኽላይ።»

«‹ምንም› ብለህ አሥራ አራተኛውን ልታልፍ? ስማኝ፣ አዲስ ቃል ያስፈልገናል። ከመጽሐፍ የተወሰደ እንዳይሆን፤ መጽሐፉን እነሱም ያነቡታል። ሚስት ካለው ፈረንጅ አፍ የወጣ ይሁን።»

ማንደፍሮ ከፈረንጅ ሁሉ የሚያውቀው ስታንን ነው። ስታን የእንግሊዝ አገር ሰው ሲሆን፣ ከሃል ከተማ በመርከብ ለሁለት ሳምንት ሥራ መጥቶ አሥራ ሰባት ዓመት ተቀምጧል። የሆቴሉ የፍል ውኃ ማሽን ጠባቂ ነው። ማንደፍሮ ሰኞ ጠዋት እርጥብ አንሶላ በጋሪ እየገፋ ሲያልፍ ቆም አለና አንድ ነገር ትዝ አለው። ከስታን ጋር አምስት ዓመት ሻይ ጠጥቷል፤ የስታን ሚስት የጥርስ ሕመም እንዳለባት፣ ዓሣ እንደማትወድ፣ ከእህቷ ጋር እንደተኳረፈች ያውቃል። ስሟን ግን አያውቅም። ስታን አንድ ቀን ጠርቶት አያውቅም።

ለካ እነሱም አይጠሩም! አለ በልቡ፤ አባቱ እንግሊዝ አገር ዘመድ ያገኙ ያህል ደስ አለው።

«ስታን» አለው፤ «ሚስትህን ምን ብለህ ነው የምትጠራት?»

ስታን የሻይ ኩባያውን ማሽኑ ላይ አስቀመጠ። «እሷ ፊት ነው ወይስ እሷ በሌለችበት?»

ማንደፍሮ ጥያቄው ሁለት ክፍል እንዳለው አልጠበቀም። «እሷ በሌለችበት» አለ።

ስታን እጁን በሱሪው ጠራርጎ ወንበር ሳበ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ይመስል ነበር። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተናገረ፤ ማንደፍሮም በልብስ መቀበያ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፈ፤ አንሶላው በጋሪው ውስጥ ቀዘቀዘ።

ቅዳሜ ጋሽ ተኽላይ ከሮተርዳም በባቡር፣ ከዚያም በትራም ቁጥር አንድ የአምስተርዳም ዳር ሰፈር ኦስዶርፕ፣ ማንደፍሮ ቤት ድረስ መጡ። ሦስተኛ ፎቅ በዚያ ጉልበታቸው ወጥተው፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀመጡ። የትነበርሽ ጥግ ላይ ቆማ ሽንኩርት እየከተፈች ታዳምጣለች። ማንደፍሮ ደረሰኙን ዘረጋ።

«አንደኛ፣ ‹ዘ ሚስስ›። ሚስትየዋ እንደማለት ነው።»

«ቀጥል።»

«‹ዚ ኦልድ ሌዲ›። አሮጊቷ።»

የትነበርሽ ቢላዋውን ያዝ አደረገችው። «ስንት ዓመቷ ነው ሚስቱ?»

«እንጃ። እሱ ስልሳ ሳይሞላው አይቀርም።»

«እኔ ሃያ ዘጠኝ ነኝ። ቀጥል።»

«‹ማይ ቤተር ሃፍ›። የተሻለው ግማሼ።»

«ይቺስ ደህና ናት» አለች የትነበርሽ።

ጋሽ ተኽላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይቺ አደገኛ ናት። ‹የምትሻልህ በምንድን ነው?› ብሎ ቢጠይቅህስ? እነዚህ ሰዎች ዝርዝር ይወዳሉ።»

ማንደፍሮ ጣሪያውን እያየ ትንሽ አሰበና አለፋት። የትነበርሽ ማሰቡን አየች። ሽንኩርቱም ደቀቀ።

«‹ሀር ኢንዶርስ›። እዚያ ቤት ውስጥ ያለችው። ጋሽ ተኽላይ፣ ይቺ የአባቴ ናት እኮ! አባቴ ቁርጥ ይቺን ነበር የሚሉት!»

«አባትህን ነፍሳቸውን ይማር። ‹ከቤት አታስወጣትም ማለት ነው?› ይልሃል። ከዚያ ወዲያ የሚጠራህ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው።»

ማንደፍሮ እያዘነ ሰረዛት። «‹ቦል ኤንድ ቼይን›።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ድሮ እስረኛ እንዳያመልጥ እግሩ ላይ የሚያስሩበት የብረት ኳስ። ከነሰንሰለቱ።»

ጋሽ ተኽላይ የገዛ እግራቸውን አዩ።

«ይኼን ሚስቱ ታውቃለች?» አለች የትነበርሽ።

«እሷ ፊት አይለውም።»

«ጨዋ ሰው ነው» አሉ ጋሽ ተኽላይ።

«የመጨረሻው ‹ዘ ዋር ኦፊስ› ነው። የጦር ሚኒስቴር።»

የትነበርሽ ቢላዋውን አስቀምጣ በሁለት እጇ ጠረጴዛውን ይዛ ሳቀች። ከመጣች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ማንደፍሮ አላየም ነበር። «እሱን በለኝ!» አለች እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። «በናትህ እሱን በለኝ! ‹የጦር ሚኒስቴር፣ እራት ደርሷል ወይ?›»

«ልጄ» አሉ ጋሽ ተኽላይ፤ እሳቸው አልሳቁም። «እኛ ስደተኞች ነን። ማመልከቻችን ላይ የጦር ሚኒስቴር እንዲገባ አንፈልግም።»

እንዲህ እንዲህ እየተባለ የቀረችው «ዘ ሚስስ» ብቻ ሆነች። ቀለም የላትም፣ ሽታ የላትም፣ ጠያቂውም ከአሥራ አንድ ሰው አልሰማትም። ጋሽ ተኽላይ ቃሏን በትልቁ ጽፈው ከሃያ ሁለቱ ጥያቄዎች ዝርዝር ጋር አጣብቀው ሰጧቸውና ካፖርታቸውን እንደለበሱ ተነሡ። የትነበርሽ ግን አንድ ነገር አነሳች።

«እኔ ማርያምን አልዋሽም። ሰው ዓይን ዓይኔን እያየ ሲጠይቀኝ መዋሸት አይሆንልኝም፤ ፊቴ ይናገራል። ‹እንዲህ ብሎ ይጠራኛል› እንድል ከፈለግክ ጥራኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሚስስ እያልክ ጥራኝና እውነት ይሁን።»

«ልክ ናት» አሉ ጋሽ ተኽላይ ከደረጃው ላይ። «ጥራት።»

ቀላል ይመስል ነበር። ማንደፍሮ አንሶላ ሲያጥብ ቃሉን ያለማምደዋል፤ ትራም ላይ በሹክሹክታ ይለዋል፤ ከደጅ ሲገባ ግን ምላሱ ይተሳሰራል። የገዛ ሚስቱን በእንግሊዝኛ ሊጠራት አፉን ሲከፍት የሌላ ሰው ሚስት የሚጠራ ይመስለውና ጆሮው ይቀላል። የመጀመሪያውን ለማቀዝቀዣው በር ነበር ያለው፤ ፊቱን ወደ ማቀዝቀዣው አድርጎ «ሚስስ፣ ወተት አለ?» ብሎ። ሁለተኛውን ደረጃ ላይ ሲል ከታች የሚኖሩት ሆላንዳዊት ባልቴት ዞረው «ምን ልታዘዝ?» አሉት። ሦስተኛውን እሷ ገላዋን ስትታጠብ በር ላይ ሆኖ አለው። ውኃው ይጮህ ስለነበር አልሰማችም፤ እሱ ግን ቆጥሮታል።

በቀጠሮው ጠዋት ወደ ዘ ሄግ በሚሄደው ባቡር ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እሷ ጉልበቷ ላይ አንድ ትልቅ ቦርሳ ይዛለች፤ ከሌሊት ጀምራ ያዘጋጀችው ነው።

«ስንት ጊዜ አልከኝ?» አለችው።

«ሦስት።»

«ሁለት ነው የሰማሁት። አንዱም ለሴትዮዋ ነበር የሄደው።»

«ሦስት ነው። በናትሽ ዛሬ እንዳታሳጪኝ።»

«እስቲ አሁን አንድ በለኝና ይሙላ።»

ማንደፍሮ ባቡሩን ዞር ዞር ብሎ አየ። አጠገባቸው ጋዜጣ የሚያነብ ሽማግሌ አለ፤ ከኋላ ሁለት ተማሪዎች አሉ። አማርኛም አያውቁ፣ ደብረ ታቦርንም አያውቁ። አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። የትነበርሽ በመስኮቱ ሜዳውንና ላሞቹን ማየት ጀመረች።

መሥሪያ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለየብቻ ወሰዷቸው። የትነበርሽን አንዲት ወፍራም መነጽር ያደረገች ሠራተኛ ተቀብላ አስገባቻት፤ ኣስካለ የምትባል ኤርትራዊት አስተርጓሚ አብራት ገባች። ማንደፍሮ ደግሞ ከጎን ያለው ክፍል ገባ፤ በሁለቱ ክፍሎች መካከል የተዘጋ በር አለ። ቦርሳው እሱ ጋ ቀረ። የሚጠይቀው ያ ባዩን የጠየቀው ሰውዬ ነው። ስሙ ቡርስማ ነው፣ ሜኔር ይሉታል፣ አቶ እንደማለት፤ ረጅም ነው፣ ፊቱ እንደ ተተኮሰ አንሶላ አንድም መስመር የለበትም።

«እንግሊዝኛ ይቻላል? ጥሩ። መኝታ ቤታችሁ ውስጥ መጋረጃ አለ?»

«አለ።»

«ምን ዓይነት ነው?»

«ጥሩ ነው።»

«ቀለሙን ማለቴ ነው።»

ማንደፍሮ ዓይኑን ጨፍኖ መኝታ ቤቱን አየ። መስኮቱ አለ፤ መጋረጃው አለ፤ ቀለሙ የለም። «የጨርቅ ቀለም ነው» አለ። ቡርስማ ጻፈ።

እንዲህ እየተባባሉ አሥራ ሦስቱን ጨረሱ። «አሁን ደግሞ፣ ባለቤትዎን ቤት ውስጥ ምን...»

«ዘ ሚስስ!» አለ ማንደፍሮ።

ቡርስማ ቀና አለ። «ጥያቄዬን አልጨረስኩም። እንግሊዝ አገር ኖረዋል?»

«የለም። ምድር ቤት ነው የምሠራው።»

ቡርስማ ይህንንም ጻፈ። የቀሩት ስምንት ጥያቄዎች አለቁ። በሩ ተከፈተና መነጽር ያደረገችው ሠራተኛ የትነበርሽ እስከዚያ የመለሰችውን ወረቀት አቀብላው ተመለሰች። ቡርስማ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ በጣቱ እየወረደ፣ እየወረደ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ሜኔር ማንደፍሮ፣ እዚህ ላይ ተለያይታችኋል። ባለቤትዎ ‹ምንም አይለኝም› ነው ያሉት።»

«ምንም?»

«‹ከተጋባን ጀምሮ ምንም ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።› ቃል በቃል ይኸው ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ሚስቱን ምንም ብሎ የማይጠራ ሰው ይኖራል?»

ማንደፍሮ በአማርኛ ቢጠየቅ መልስ ነበረው። ስለ አባቱ፣ ስለ «ቤት»፣ ስለ ጎረቤቶቹ ሳቅ ይናገር ነበር። በእንግሊዝኛ ያለው ግን የስታን ደረሰኝ ብቻ ነው፤ ከዚያ ላይ ደግሞ የሚረዳው ቃል አልነበረም። አምስት ዓመት ጠብቄ በገዛ ምላሴ መለስኳት፣ አለ በልቡ።

ቡርስማ እስክሪብቶውን ከደነ። «የጋብቻችሁን ወረቀት ዋናውን ይዛችኋል? እስካሁን ያየሁት ኮፒውን ነው። ዋናው ከሌለ እዚህ ላይ እናቆማለን።»

ማንደፍሮ ቦርሳውን ከፈተ። ሹራብ አለ። ጃንጥላ አለ። የቤት ጫማ አለ፤ ለምን እንደመጣ አይታወቅም። እጁን ወደ ታች ሲሰድ የጋሽ ተኽላይ ሃያ ሁለቱ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ብቅ አሉ፤ «ዘ ሚስስ» በትልቁ ተጽፋለች። ደንግጦ ወደ ታች ገፋቸው። ፎጣ አገኘ። ዳቦ አገኘ። ወረቀት የለም። ቡርስማ ሰዓቱን አየ። ማንደፍሮ ሹራቡን መልሶ አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ፤ የሚያደርገው ጠፋው፤ ጉሮሮውንም ጠረገ።

«እህም።»

«ከዳቦው ሥር ነው!» አለ የትነበርሽ ድምፅ ከበሩ ወዲያ። «በጋዜጣ ጠቅልዬዋለሁ! ዳቦውን እንዳትጨፈልቀው!»

ኣስካለ የተቀጠረችው የተባለውን ሁሉ ልትተረጉም ነው። ወዲያው፣ በጠራ ሆላንድኛ፣ ከዳቦው ሥር መሆኑንና ዳቦው መጨፍለቅ እንደሌለበት ስትናገር ተሰማች።

ማንደፍሮ ዳቦውን አነሳ። ጋዜጣ አለ። ጋዜጣው ውስጥ ወረቀቱ አለ፤ ከነማኅተሙ።

በሩ ተከፈተና ሠራተኛዋ ብቅ አለች። መነጽሯን አውልቃለች። «ይቅርታ፣ አንድ ነገር አልገባኝም» አለች። «የአባቷን ሥራ ጠይቄያት ‹ከዳቦው ሥር ነው› አለችኝ።»

ቡርስማ ወረቀቱን አየ፣ ዳቦውን አየ፣ ማንደፍሮን አየ። «እሱ ምንም አልተናገረም» አለ በቀስታ። «እዚህ ነበርኩ። አንድ ቃል አልተናገረም። የት እንዳለ እየጠየቃት መሆኑን በምን አወቀች?»

ኣስካለ ጥያቄውን አስተላለፈች። የትነበርሽ የተጠየቀችው ነገር ምኑ እንደሚከብድ አልገባትም።

«ጠራኝ እኮ» አለች።

«ምንም አይለኝም ብለው ነበር» አለ ቡርስማ።

«ምንም አይለኝም። ጉሮሮውን ነው የሚጠርገው። ቃል ነው የጠየቃችሁኝ፤ ያ ደግሞ ቃል አይደለም።» እንደማሰብ አለች። «ሦስት ዓይነት አለው። ዕቃ ሲጠፋው አንድ፣ እንግዳ ይዞ ሲመጣ አንድ፣ ወጡ ጨው ሲበዛበት አንድ። ይኼ የዕቃው ነው።»

ማንደፍሮ በተከፈተው በር ይህን ሲሰማ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሦስት ዓይነት እንዳለው እሱም የሰማው ያን ቀን ነበር።

ቡርስማ ቀላል ሰው አይደለም። ተነሣ፣ በሩን ዘጋ፣ ጆሮውን ወደ በሩ አስጠጋና ለማንደፍሮ በእጁ ምልክት ሰጠው፤ ድገመው። ማንደፍሮ ተዘጋጀ፣ ደረቱን ነፋ፣ ጠረገ።

«ምነው፣ ጉንፋን ያዘህ እንዴ?» አለ ድምፁ። «ሹራቡን ያመጣሁልህ እኮ እንድትለብሰው ነው!»

ኣስካለ ተረጎመች። ቡርስማ ወደ ወንበሩ ተመለሰና ቅጹን ሳበ። ለአሥራ አራተኛው ጥያቄ የተተወው ቦታ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እሱ ግን ብዙ ጻፈ፤ መስመሩ ሲያልቅበት ወደ ዳር ወጣ፣ ዳሩ ሲያልቅበት ገለበጠ። ከወዲያኛው ክፍል የትነበርሽ አሁንም ስታወራ ይሰማል። አንዴ ከጀመርኩ አይቀርም ብላ ነው መሰል፣ ካርቱም ሳለች የጎረቤት ወንድ ጉሮሮውን በጠረገ ቁጥር ከስፌት መኪናዋ ላይ እየተነሣች ስንት ቀሚስ እንዳጣመመች ትናገራለች። ኣስካለ ይህን ስትተረጉም ድምፅዋ ትንሽ ቀጠነ። ማንደፍሮ ዳቦውን ወደ ቦርሳው ሲመልስ ጊዜ ወሰደበት።

ቡርስማ ማኅተሙን አነሣና መታ። «ደብዳቤው በሁለት ሳምንት ይደርሳችኋል። መልሱ ግን ይኸው ነው፤ ይኖራሉ።» እጁን ዘረጋለት። ማንደፍሮ እጁን ሲጨብጥ ሰውዬው አልለቀውም። «ይኼን ማር ለሰዉ የሚያስተምረውን ሰው ያውቁታል?»

«አላውቀውም» አለ ማንደፍሮ፤ ቦርሳውን በእግሩ ገፋ አደረገ።

«ድንገት ካገኙት ይንገሩልኝ። በየቤታቸው የሚሉትን ይምጡና ይንገሩኝ። መሳቢያ ውስጥ ያሉትንም መልሼ እጠራቸዋለሁ። ማር ግን በቃኝ።»

ጋሽ ተኽላይ ከሮተርዳም ድረስ መጥተው ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ዱላቸውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። የሁለቱን ፊት አይተው «ተመስገን» አሉና ሳይስሟቸው በፊት ማስታወሻ ደብተራቸውን አወጡ።

«ምን አላችሁ? ቶሎ ንገሩኝ። ማክሰኞ ሃብተጽዮንና ርግበ አሉብኝ። ሚስስ ሠራች?»

ማንደፍሮና የትነበርሽ ተያዩ። እውነቱን ቢነግሯቸው ምን እንደሚሆን ለማንደፍሮ ወለል ብሎ ታየው። ፋሲካ ሳይደርስ በሆላንድ ያለው አበሻ ባል ሁሉ በዚያ ኮሪደር ተሰልፎ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ መሥሪያ ቤቱም ሐኪም ሲጠራ።

«ጋሽ ተኽላይ» አለች የትነበርሽ፤ «ሰውዬው ሁሉም የየቤቱን ይንገረኝ ብሏል። የባዩንና የብርነሽንም ፋይል መልሶ ያየዋል።»

«የየቤቱን?» እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ። «ያ ደግሞ እንዴት ይጠናል?»

ጣቢያ ድረስ አብረው ሄዱ፤ ጋሽ ተኽላይ መንገዱን ሁሉ «የየቤቱን» እያሉ ከራሳቸው ጋር ሲከራከሩ ቆዩና በሮተርዳም ባቡር ሄዱ። የአምስተርዳሙ ገና ሰባት ደቂቃ ይቀረዋል። ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ቆሙ። ፀሐይ ነበረ፤ ለመጋቢት ሆላንድ መጥፎ አልነበረም።

ማንደፍሮ ዙሪያውን አየ። ሰው ብዙ ነው። አንዱም አይስቅበትም፤ ቢስቅበትም ዛሬ ደንታው አልነበረም። አንድ ጊዜ፣ ለሙከራ ያህል፣ ምን እንደሚመስል ልየው ብሎ አሰበ። ወደሷ ዞረ።

«የትነበርሽ» አላት።

የትነበርሽ ክው አለች። ቦርሳውን ወደ ደረቷ ሳበችና ዓይን ዓይኑን አየችው።

«ምነው? ምን አጠፋሁ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው? ምን ጠፋብህ?»

«ምንም አልጠፋብኝም» አለ ማንደፍሮ።